መነሻ ሀ

ልዑልቃልን ብዙ ዋጋ ያስከፈለችው ቃል አንዲት ናት፤ «በደንብ» የምትል። የተናገራት ጅማ መርካቶ፣ ከጨርቅ ተራው ጀርባ ወዳለው የጋሽ አብዱልሃዲ የብረት ሥራ ቤት ሥራ ሊጠይቅ የገባ ዕለት ነው። ጋሽ አብዱልሃዲ ከአንድ የውጭ ማሽን ጋር የመጣ ስዕል ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው፣ ግራሶ በጠገበ ጣታቸው አንዲት ትንሽ ሳጥን ነኩ። ሳጥኗ በሦስት ተከፍላለች፤ በመጀመሪያው ክፍል ሁለት ዘንበል ያሉ መስመሮች፣ በሁለተኛው ቁጥር፣ በሦስተኛው አንድ ፊደል ይዛለች።

«ይህቺን ነገር ታውቃታለህ?» አሉት።

ልዑልቃል አያውቃትም። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ሜካኒካል ምህንድስና ሲማር፣ መምህሩ እሷን ያስተማሩ ቀን እሱ ኳስ እያየ ነበር። ይሁን እንጂ ከተመረቀ ወዲህ ሥራ ፈትቶ እናቱ ቤት መዋል አንገሽግሾታል። እናቱ ወይዘሮ የኔነሽ «ኢንጂነሩ ልጄ» ባሉ ቁጥር ጎረቤቱ ሁሉ ወደ ምድር ያይ ጀምሯል።

«በደንብ!» አለ።

«አዎ» ብሎ ቢያበቃ ምን ነበረበት? «ትንሽ ትንሽ» ቢልስ ማን ከለከለው? ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይሄ ነው። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ጋሽ አብዱልሃዲ ፊታቸው በርቶ «ማሻአላህ!» አሉና በሙከራ ቀጠሩት። እሱም ወደ ቤቱ ሲሄድ ደስታውና ድንጋጤው እኩል ነበሩ።

ሳጥኗ የአንድ ሙሉ ቋንቋ ፊደል ሆና ተገኘች። ቋንቋው «ጂ ዲ ኤንድ ቲ» ይባላል። ተራ ስዕል ዕቃው ምን ያህል ይርዘም፣ ምን ያህል ይስፋ ብሎ ያበቃል። ይሄኛው ግን ዕቃው ምን ያህል ቢጣመም፣ ምን ያህል ቢዘነብል ምሕረት እንደሚደረግለት፣ ከየት ካለፈ ደግሞ ተጥሎ እንደገና እንደሚሠራ ይናገራል። ልኩ ሁሉ የሚቆጠርበት ፊት «መነሻ» ይባላል፤ መነሻ ሀ፣ መነሻ ለ እየተባለ ስም ይወጣለታል።

ልዑልቃል በስልኩ አንድ ህንዳዊ መምህር አገኘ። የመጀመሪያው ትምህርት መነሻን ስለ መምረጥ ነበር። ትንሽ አየው፤ አንድም ምልክት የለበትም። ሰውየው የእንጨት ጉማጅ እያገላበጠ «ይህ ዕቃ የሚቀመጠው በየትኛው ፊቱ ነው?» ይላል፤ አገላብጦ ደግሞ ያንኑ ይጠይቃል። «ይሄማ ለሕፃናት ነው» አለና ዘለለው። ወደ ምልክቶቹ ሲደርስ ግን ፍቅር ያዘው። ክብነት፣ ቀጥነት፣ ትይዩነት፣ እያንዳንዱ የራሱ ሥዕል፣ የራሱ ሳጥን አለው። ልዑልቃል ሁሉንም ሸመደዳቸው።

ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር መኖር አቃተው። ባጃጅ ላይ ተሳፍሮ ለሹፌሩ «የፊት ጎማህ ከመሪህ ጋር ቀጥ አላለም» ቢለው፣ ሹፌሩ «አንተ ቀጥ ብለህ ተቀመጥ፣ ይበቃናል» አለው። ቤቱ ገብቶ ግድግዳው ላይ ያለውን የቅዱስ ሚካኤልን ሥዕል ትይዩነት ከወለሉ ጀምሮ በሜትር ለካና ተጣሟል ብሎ ሊያቃናው ወንበር ላይ ወጣ።

«የተጣመመው ወለሉ ነው፤» አሉ ወይዘሮ የኔነሽ ከወጥ ቤት ብቅ ብለው። «አባትህ ሲያስለስኑት ነው የዘመመው። ሚካኤልን ተወው፣ ውረድ!»

ወረደ። ከዚህ ንግግር ትምህርት ቢወስድ ኖሮ ይህ ታሪክ እዚህ ላይ ባበቃ ነበር። አልወሰደም።

መስከረም ሲጋመስ ወይዘሮ ፈሂማ፣ በአገሩ አጠራር አዴ ፈሂማ፣ ከጅማ ወጣ ካለችው ከየቡ መጡ። አዴ ፈሂማ የገበሬዎች ማኅበር እሸት ቡና መፈልፈያ ጣቢያ ኃላፊ ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ሁሉ ጉዳዩ እሱን የሚመለከት ይመስለዋል። የመፈልፈያ ማሽናቸው ታማለች። ማሽኗ ውስጥ ከበሮ የሚሉት ድብልብል ብረት እየተሽከረከረ ቀዩን ፍሬ ከሥሩ ከተጋደመ ብረት ጋር እያሻሸ ይልጠዋል። ከበሮው በሁለት ጫፉ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል፤ ኩሽኔታው ደግሞ ከብረት በተሠራ ቤቱ ውስጥ ይቀመጣል። የተሰነጠቀው የአንደኛው ጫፍ የኩሽኔታ ቤት ነው።

«ለቀማው ሳይጀመር እፈልገዋለሁ፤» አሉ አዴ ፈሂማ። «እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ ከረጢቱ ውስጥ ይሞቃል፣ ይኮመጥጣል። ያኔ ገበሬው እኔን አይጠብቅም፤ ለነጋዴ መኪና ይጭናል።»

ጋሽ አብዱልሃዲ ልዑልቃልን ወደ ጎን ጠሩት። «ኢልማ ኮ፣» አሉት፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «ይሄ ያንተ ፈተና ነው። ስዕሉን አንተ ትሠራለህ፣ እኔ እቆርጠዋለሁ። ከገጠመ እዚህ ትቀራለህ። ካልገጠመ ወላሂ አልቀየምህም፣ ግን በፍቅር እንለያያለን። ሁለት ሰው የማኖር አቅም ያለኝ ሁለቱም ሥራ ከቻሉ ነው።»

ልዑልቃል የወደፊቱ ታየው። እንደገና እናቱ ቤት፣ እንደገና «ኢንጂነሩ ልጄ»!

ልዑልቃል ለመለካት የቡ ሲወርድ ማሽኗ አረንጓዴ ሆና እንደ ሙሽራ ቆማ ጠበቀችው። የጣቢያው ልማድ ነው፤ በየዓመቱ ለቀማው ሊገባ ሲል የማኅበሩ ሰዎች ተሰብስበው ዱዓ ያደርጋሉ፣ ከዚያ ማሽኗን ቀለም ይቀቧታል። ብሩሹን የሚያስጀምሩት አዴ ፈሂማ ናቸው። ልዑልቃል ቺያቬውን አውጥቶ የተሰነጠቀውን ቤት ሊፈታ ሲጠጋ ጮኹበት።

«ቀለሜን! ትናንት ነው የደረቀው። አዲሱን ስታመጣ ያኔ ትፈታዋለህ። አሁን እንደ ቆመ ለካ።»

ልዑልቃል ደስ ነው ያለው። የተሰነጠቀው ቤት ራሱ አፉን ከፍቶ ስለተበላሸ ልኩ አይታመንም፤ ስለዚህ ከጎኑ ካለው የማሽኗ ፊት ተነስቶ እስከ ከበሮው ዘንግ መሀል ያለውን ከፍታ መለካት ይኖርበታል። ፊቱን በመዳፉ ዳሰሰው። ለስላሳ ነው፤ ያብለጨልጫል፤ የራሱን አፍንጫ እንኳ አየበት። «እንዲህ ያለ ፊት የትም አይገኝም!» አለ ጮክ ብሎ፤ አዴ ፈሂማም የተሞገሰው ብሩሻቸው ነውና ፈገግ አሉ። ከዚያ ላይ ለካ፣ ደግሞ ለካ፣ ልኩ አልተለወጠም። ማስታወሻው ላይ በትልቁ «መነሻ ሀ» ብሎ ጻፈ።

ስዕሉን ሲጨርስ ወረቀቱ ላይ ባዶ ቦታ አልቀረም። ለቀዳዳዎቹ ሳጥን፣ ለቡሎኖቹ ሳጥን፣ ግራሶ ለሚገባባት ለሚጢጢዋ ቀዳዳ እንኳ ሦስት ሳጥን ሰጣት፤ ማንም የማይነካው የጎን ፊት ሳይቀር ትይዩነቱ ታዘዘለት። ለዋናው ከፍታ የፈቀደው ስህተት ከአንድ ሚሊሜትር መቶ ክፍል ሁለቱን ብቻ ነው። ከዚያ ሰፋ ቢያደርገው ያላወቀ ይመስልበታል ብሎ ፈራ።

ጋሽ አብዱልሃዲ ስዕሉን ተቀብለው ወደ ብርሃኑ አስጠጉት። «እያንዳንዷን ንገረኝ» አሉት። ነገራቸው፤ እየነገራቸውም የህንዳዊውን እጅ አወዛወዝ ሳይቀር አስመሰለ። ሽማግሌው እንደ ቁርአን ተማሪ አንገታቸውን እያወዛወዙ ሰሙት፤ ከዚያ ብረት መቁረጫ ቶርኗቸው ላይ ቆመው ቀን ከቀን ከዚያች ብረት ጋር ታገሉ። ሊያልቅ ሲል ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። ስዕሉን ግን አልጣሉትም፤ በራፉ አጠገብ ግድግዳ ላይ ሰቀሉት፤ ለገባው ሁሉ «የልጄ ሥራ ነው» እያሉ ያሳያሉ። ጫት የምትሸጠው ጎረቤት ሳትቀር መጥታ አየችው፤ የአልጋ ልብስ ጥለት ይወጣዋል አለች።

ለቀማው የተጀመረ ዕለት የቡ ደረሱ። ገበሬዎቹ ከረጢታቸውን እየተሸከሙ፣ በአህያ እየጫኑ ጣቢያው በር ላይ ተሰልፈዋል። የተሰነጠቀው ቤት ተፈታ፣ አዲሱ በአሮጌው ቦታ ገባ፣ ቡሎኖቹ ሳይንገራገሩ ቀዳዳቸውን አገኙ። ልዑልቃል ወደ ጋሽ አብዱልሃዲ ዞሮ ጠቀሰ። አሁን ሲያስበው ከሁሉም ያቺ ጥቅሻ ናት የምታቃጥለው።

«ቢስሚላህ!» አሉ አዴ ፈሂማ፤ ሞተሩ ተነሳ፣ ውሃው ወረደ፣ የመጀመሪያው ከረጢት ተገለበጠ።

በደህናው ጫፍ በኩል ቡናው ተልጦ ነጭ ሆኖ ወረደ። በአዲሱ ጫፍ በኩል ግን ፍሬው ተፈጭቶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ከልጣጩ ጋር ተለውሶ መጣ። ከበሮው በዚያ ጫፍ ወደ ሥረኛው ብረት ዝቅ ብሏል። የሥረኛውን ብረት ሲያላሉት ደግሞ የተበላሸው ጫፍ ዳነና በደህናው በኩል ያልተላጠ ቀይ ፍሬ እንዳለ ይወርድ ጀመር። አዴ ፈሂማ እፍኝ ሙሉ የተፈጨ ቡና አንስተው አዩት፤ ከዚያ ሞተሩ እንዲጠፋ በእጃቸው ምልክት ሰጡ።

ጋሽ አብዱልሃዲ አዲሱን ቤት አስፈትተው በካሊፐር ለኩት። ልክ እንደ ስዕሉ ነው፤ ዝንፍ አላለም። ደግመው ለኩት። ላባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ።

«ካሊፐሬ ነው የዋሸኝ፤» አሉ በመጨረሻ። «ድሮም ወድቆብኝ ነበር፣ መጣል ነበረብኝ። ይቅር በይኝ ፈሂማ። ስዕሉ ልክ ነው፤ ልጁ ይሄን ነገር በደንብ ያውቃል። ጥፋቱ የኔ ነው። ጅማ ወስጄ እንደገና እቆርጠዋለሁ።»

«በደንብ» ስትባል ልዑልቃል እንደ ተወጋ ሰው ዘለለ፤ እንዳይታወቅበትም ማሽኗን ተደገፈ። የተደገፈበት እጁ ቤቱ ከተነሳበት ቦታ ዳር ነበር። ጣቱ አንዲት ደረጃ ላይ ተደናቀፈች። ጎንበስ ብሎ አየ። አሮጌው ቤት ለዘመናት የተቀመጠበት ቦታ ራቁቱን ግራጫ ብረት ነው፤ ዙሪያው ግን በቀለም ተከቦ ከፍ ብሏል። ማኅበሩ በየዓመቱ ሲቀባ ቤቱን ሳይፈታ ዙሪያውን ሲቀባ ኖሯል። ጥፍሩን ከቀለሙ ጠርዝ ሥር ሰደደና አንድ ስንጣሪ አነሳ። አረንጓዴ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከሥሩ እንደገና አረንጓዴ። ውፍረቱ ሁለት ሚሊሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው።

ከሚሊሜትር መቶ ክፍል ከሁለቱ በላይ ስህተት የነፈጋት ዕቃ፣ የተለካችው ከአዴ ፈሂማ ብሩሽ ላይ ተነስቶ ነው። የተቀመጠችው ደግሞ ከቀለሙ በታች፣ ባዶው ብረት ላይ። አጥራ የቀረችው የቀለሙን ያህል ነው።

ስንጣሪዋን መዳፉ ውስጥ ጨበጣት። ማንም አላየም። ዝም ቢል ማን ያውቃል? ጋሽ አብዱልሃዲ ጥፋቱን አንዴ ተሸክመውታል፤ ካሊፐር እንደሆን አፍ የለው። ጅማ ሲመለሱ «እስቲ ትንሽ ከፍ እናድርገው» ቢላቸው ይሠሩታል፤ ሥራውም አይሄድበት፣ ስሙም አይጎድፍ። ሐሳቡ ያማረ ነበር፤ ልዑልቃል እንዲህ ባለ ሐሳብ ጎበዝ ነው። ነገር ግን ሰልፉ ውስጥ አንድ ገበሬ የከረጢቱን አፍ ፈትቶ እጁን ወደ ውስጥ ሰደደና ሙቀቱን ዳሰሰ፤ ከዚያ ወደ መንገዱ፣ የነጋዴው መኪና ወደቆመበት ተመለከተ። ጋሽ አብዱልሃዲ ደግሞ ያንን ካሊፐር፣ ያንን የሚሳሱለትን ካሊፐር፣ ከመያዣው ሳያስገቡ እንደ ቁራሽ ብረት የመሣሪያ ሣጥናቸው ውስጥ ወረወሩት።

«ጋሼ፣ ካሊፐሩ አልዋሸም፤» አለ ልዑልቃል። ድምፁ ቀጥኖ ወጣ። «እኔ የለካሁት ብረቱን አይደለም። ቀለሙን ነው።»

«ምንድን?»

መዳፉን ዘረጋ። «መነሻ ሀ ይህቺ ናት» አለ።

ከሰልፉ ፊት የቆሙ አንድ አዛውንት «ማል ጄዴ?» ብለው ጠየቁ፤ ምን አለ ማለታቸው ነው። አዴ ፈሂማ በኦሮምኛ አስረዷቸው፤ ከፊተኛው ወደ ኋለኛው እየተቀባበለ ነገሩ እስከ ሰልፉ ጫፍ ደረሰ፤ ሳቁም እንዲሁ እየተቀባበለ ተመለሰ። ልዑልቃል በሁለት ቋንቋ ተሳቀበት። ካፈርኩ አይመልሰኝ ብሎ እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ግን ከሁሉም ቀድሞ አለቀበት።

አዴ ፈሂማ አልሳቁም። ስንጣሪዋን ከእጁ ወስደው ወደ ፀሐይ አነሷት። «ሰማያዊው የተቀባው አረንጓዴ ከገበያ የጠፋ ዓመት ነው፤» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄን ከሥር ያለውን ባለቤቴ ነው የቀባው፣ ሳይሞት በፊት።» ከዚያ ዘወር ብለው «እና አሁን? እውነቱን ማወቅ ቡናዬን ይፈለፍልልኛል?» አሉ።

«ዕቃዋ ደህና ናት። ያጠራት የቀለሙ ውፍረት ነው፤ ያንኑ ያህል ቆርቆሮ ከሥሯ ማስገባት ነው» አለ ልዑልቃል። «ቆርቆሮ አለ?»

ዙሪያውን ተያዩ። ያለው ቆርቆሮ ዘንድሮ የተቀባበት የቀለም ጣሳ ነው፣ ከመጋዘኑ በር ጎን ተደርድሯል። ልዑልቃል በመቀስ ቆረጠው፤ ጋሽ አብዱልሃዲም ካሊፐራቸውን ከሣጥኑ መልሰው አውጥተው በእጅጌያቸው ጠራርገው፣ እሱ የቆረጠውን እየደራረቡ ለኩ። ልክ ሲሞላ ከቤቱ ሥር ገባ፣ ቡሎኖቹ ጠበቁ። አዴ ፈሂማ ቢስሚላህን በዚህኛው ዙር ቀስ ብለው ነው ያሉት።

በሁለቱም ጫፍ ነጭ ቡና ወረደ። አዴ ፈሂማ ከአንዱ ጫፍ እፍኝ፣ ከሌላው ጫፍ እፍኝ አንስተው አስተያዩና ለሰልፉ «ግቡ!» አሉ።

ጅማ እስኪደርሱ ጋሽ አብዱልሃዲ ካሊፐራቸውን ሲወለውሉ ቆዩ። ሥራ ቤቱ ሲገቡ በቀጥታ ወደ ግድግዳው ሄደው ስዕሉን ነቀሉት። ልዑልቃል ነገሩ ገባው። የሥራ ልብሱን አውልቆ አጠፈው፣ ቦርሳውን አነሳ።

«ወዴት ነው?»

«በፍቅር ልንለያይ...»

«ማን አልገጠመም አለ? ገጥሟል። ቆርቆሮ ቢኖርበትም ገጥሟል።» ስዕሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው እርሳስ አቀበሉት። «ስህተቱን አርመህ መልሰህ ስቀለው። የሁለተኛው ጫፍ ቤትም አርጅቷል፤ ፈሂማ እሱንም ሥሩልኝ ብላለች።»

ልዑልቃል ቦርሳውን እንደ ያዘ ቆመ። ደስታው ግን ካልተናገረ እንደማይሞላለት አወቀ። «ጋሼ፣ ያን ዕለት ያቺን ሳጥን ሲጠይቁኝ ‹በደንብ› ያልኩት... አላውቃትም ነበር።»

ጋሽ አብዱልሃዲ ጺማቸውን ጎተቱ። «እኔስ አውቃት ነበር እንዴ?» አሉ። «ያ ከውጭ የመጣው ስዕል ስንት ዘመን ጠረጴዛዬ ላይ ሲቀመጥ፣ በዚህ ዕድሜዬ ሰው መጠየቅ አፍሬ ነው የኖርኩት። አንተ ‹በደንብ› ስትል አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ ሳልጠይቅ የሚነግረኝ አገኘሁ ብዬ። ‹ንገረኝ እስቲ› ብዬህ ቢሆን የዚያኑ ቀን እንተዋወቅ ነበር።»

ሁለቱም መሬት መሬቱን አዩ። ከዚያ ሽማግሌው ሳቃቸው መጣ፤ ልዑልቃልም ቦርሳውን ጥሎ እስኪያለቅስ ሳቀ።

«በል ያንን ህንዳዊህን ክፈተው፤» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ አንድ በርጩማ ወደ ስልኩ እያስጠጉ። «ከመጀመሪያው። እኔም ልየው።»

ልዑልቃል የመጀመሪያውን ትምህርት ከፈተ። ህንዳዊው የእንጨት ጉማጁን ይዞ ብቅ አለ፤ አገላበጠው፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ ጣቱንም ወደ ካሜራው ቀሰረ። ልዑልቃል ያን ጊዜ እስከዚህ አላየውም ነበር።

«ውድ ተማሪዎቼ፣» አለ መምህሩ በእንግሊዝኛ፣ «ብዙዎቻችሁ ይህንን ትምህርት ለሕፃናት ነው ብላችሁ ልትዘሉት አስባችኋል።»

«ምን አለ?» አሉ ጋሽ አብዱልሃዲ።

ልዑልቃል ተረጎመላቸው። ጋሽ አብዱልሃዲ ቀስ ብለው ዞረው አዩት፤ እሱ ግን ዓይኑን ከእንጨቷ ላይ አልነቀለም።